የ«ጄኔራል ስሎከም» ቃጠሎና የመርማሪ ፊርማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በደብረ ታቦር ከተማ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ እሳት አደጋ መከላከል እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ የጠበቀው ምናልባት ስለ ሕንፃ ደረጃዎችና ስለ ውኃ ግፊት ስሌት የሚያትት ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ከዚህ ደጋ አገር እጅግ የራቀ ስለሚመስል ጉዳይ፣ ስለ አንዲት የመንገደኞች መርከብ ቃጠሎ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከጉና ተራራ ሥር ተቀምጦ ስለ መርከብ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊሆንባችሁ ይችላል።

ሆኖም ይህች አገር ከእንፋሎት መርከብ ሐሳብ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችንና የአገራቸውን ባለ እጆች አሰባስበው መድፍ ያስቀልጡ እንደ ነበር፣ «ሴባስቶፖል» የተባለውም ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እንደ ደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በሰነበቱበት ወቅት ያሠሯቸው ጀልባዎች ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ መልክተኞች ጋር አብሮ የነበረውና በኋላም አብሯቸው የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ንጉሡ የእንፋሎት መርከብን አምሳያ ለማግኘት ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በግራና በቀኝ ጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመው በሐይቁ ላይ አስሞከሯቸው። እንፋሎት አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ በሐሳብና በወሬ ብቻ አልተወሰኑም። የተሠራው ነገር ውኃ ላይ ተጥሎ፣ መንኰራኵሩ ዞሮ፣ ሁሉም በዓይኑ አየው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የመርከቢቱ ታሪክ

ዛሬ የምነግራችሁ መርከብ «ጄኔራል ስሎከም» ትባላለች። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ስም ባተረፈ መኰንን የተሰየመች፣ በ1883 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተሠራች፣ ሦስት ፎቅ ያላትና በሁለት ጎኗ በሚሽከረከሩ መንኰራኵሮች የምትሄድ የእንጨት መርከብ ነበረች። ዓመታቱን በእኛው አቆጣጠር እያቀረብሁ መሄዴን ልብ በሉልኝ። ሥራዋም ሰዎችን ለሽርሽር ማመላለስ ሲሆን፣ እስከ 2,500 መንገደኞች ለመጫን የሚያስችል ፈቃድ ነበራት።

ሰኔ 8 ቀን 1896 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 15 ቀን 1904) «ትንሿ ጀርመን» በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር የሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ይህችን መርከብ ተከራይተው ለሽርሽር ወጡ። ቀኑ ረቡዕ፣ አባቶችም በሥራ ላይ ስለ ነበሩ፣ ከመንገደኞቹ እጅግ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቁጥራቸው ከ1,300 በላይ ነበር። ሙዚቃ እየተሰማ፣ ልጆች በየፎቁ እየሮጡ፣ መርከቢቱ ኢስት ሪቨር በተባለው የውኃ መንገድ ወደ ሰሜን ተጓዘች።

ጉዞው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሆነ በመርከቢቱ የፊት ክፍል ከታች በኩል፣ ፋኖስ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እሳት ተነሣ። በክፍሉ ውስጥ የብርጭቆ ዕቃ የታሸገበት ገለባ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅና የመብራት ዘይት አንድ ላይ ተከማችተው ነበር። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጭሱን አይቶ ለካፒቴኑ ሊነግር ሞከረ፤ የልጅ ቀልድ ነው ተብሎ ተቈጥቶ ተመለሰ። ከሠራተኞቹ አንዱ የክፍሉን በር ከፍቶ ሳይዘጋው በመቅረቱ እሳቱ አየር አገኘ። እሳት ለማጥፋት የተዘረጋው የሸራ ጎማ ውኃው ግፊት ሲያገኝ ተተረተረ። ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ የእሳት ልምምድ አድርገው አያውቁም ነበር። ነፍስ አድን ጀልባዎቹ በሽቦ ታስረውና ተደጋጋሚ ቀለም ተቀብተው ከቦታቸው ተጣብቀው ስለ ነበር ሊወርዱ አልቻሉም።

ከሁሉ የከፋው ግን የነፍስ አድን ሰደርያዎቹ ነገር ነው። ሰደርያዎቹ በሸራ የተሰፉ፣ ውስጣቸው ቡሽ የሆነ፣ መርከቢቱ ስትሠራ ተገዝተው ለ13 ዓመት ከየፎቁ ጣሪያ በታች ተሰቅለው የኖሩ ነበሩ። በነዚያ ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሸራውን አበሰበሰው፤ ቡሹም ደቆ ዱቄት ሆነ። ሰዎች ሲጎትቷቸው ብዙዎቹ በእጃቸው ላይ ተቀደዱ። ሳይቀደዱ የቀሩትን እናቶች ለልጆቻቸው እያለበሱ፣ ከእሳቱ የሚያመልጡ መስሏቸው ወደ ውኃ ጣሏቸው። የደቀቀው ቡሽ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይጠጣ ነበርና፣ ልጆቹ የተጣሉበት ቦታ ላይ ሳይመለሱ ሲቀሩ እናቶቹ ቆመው አዩ።

ካፒቴኑ ዊልያም ቫን ሻይክ በቅርቡ ያለው የወደብ ዳርቻ የእንጨት መከማቻና የዘይት ማጠራቀሚያ ስላለበት እሳቱ ወደ ከተማው ይዛመታል ብሎ በመስጋት፣ መርከቢቱን ኖርዝ ብራዘር ወደምትባል ደሴት ነዳት። በፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስም እሳቱን ወደ ኋላ፣ ሕዝቡ ወደ ታጨቀበት አቅጣጫ አጋፋው። በደሴቲቱ ላይ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ነበረ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ ሕመምተኞችም ጭምር፣ ወደ ውኃው ገብተው ያገኙትን ሰው ጎትተው አወጡ። ሁሉም ነገር ያለቀው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ የሟቾቹ ቁጥር 1,021 ደረሰ። ኒው ዮርክ እስከ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለት ሁለቱ ታላላቅ የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች እስከ ፈረሱበት ዕለት ድረስ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው አጥታ አታውቅም ነበር።

ምን ተመረመረ? ምንስ ሳይመረመር ቀረ?

ክቡራትና ክቡራን፤

ለእኛ ለባለ ሙያዎቹ የነገሩ ፍሬ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ይህች መርከብ ሳትመረመር የኖረች መርከብ አልነበረችም። አደጋው ከመድረሱ ስድስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ በፊት የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቷት፣ መሣሪያዎቿ ሁሉ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ ብሎ አጽድቆላት ነበር። ወረቀቱ አልጎደለም፤ ማኅተሙም አልጎደለም። ሰደርያ ነበረ፤ ጎማ ነበረ፤ ጀልባ ነበረ። የዕቃ ቆጠራ መዝገብ ይዞ በመርከቢቱ ላይ የሚዘዋወር ሰው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ «አለ» ብሎ ለመጻፍ ምንም የሚያግደው አልነበረም።

በዚያው ዓመት በተደረገው ምርመራ ሌላም ነገር ተገለጠ። የጊዜው ሕግ እያንዳንዱ ሰደርያ ቢያንስ 6 ፓውንድ፣ ማለት 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጥሩ ቡሽ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያሉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቡሽ ከውኃ እጅግ የቀለለ ስለ ሆነ፣ ጥሩ ቡሽ በበዛ ቍጥር የመንሳፈፍ ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ ክብደቱ የመንሳፈፍ መለኪያ እንዲሆን ተደረገ። አንድ ፋብሪካ ግን ለሌላ ደንበኛ በሠራቸው አዳዲስ ሰደርያዎች ውስጥ፣ የጎደለውን ክብደት ለመሙላት በቡሹ መካከል ቍራጭ ብረት ሸጉጦ ተገኘ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሕጉን አሟልቷል፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ ግን ሰውን ወደ ታች የሚስብ ነገር ሆኗል።

በዚህ ነገር ላይ የመሐንዲስ ዓይን ሊቆም ይገባዋል። መለኪያ የሚባል ነገር ሁሉ የሌላ ነገር ወኪል ነው። ክብደት የመንሳፈፍ ወኪል ነበር፤ ቍጥር የብቃት ወኪል ነበር፤ ፊርማ የምርመራ ወኪል ነበር። ወኪሉ ከባለ ጉዳዩ ሲለይና በራሱ ስም መቆም ሲጀምር፣ ያን ጊዜ መዝገቡ እውነት እየተናገረ ሰው ይሞታል። ከነዚያ በሺህ ከሚቈጠሩ ሰደርያዎች አንዱን እንኳ ወስዶ ውኃ ውስጥ የጣለ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ይታወቅ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ውኃና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለደንገል ጀልባቸው ያደረጉትን ያህል ምርመራ፣ በዘመኑ በሀብትና በዕውቀት ወደር አልነበራትም በምትባለው ከተማ ውስጥ ለሕፃናት ሰደርያ አልተደረገም።

ስለ አንድ ፊርማ

ስለ ሌሎች ሰዎች ፊርማ ይህን ያህል ከተናገርሁ፣ ስለ ራሴም ልናገር ይገባኛል። ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ አንሥቼው አላውቅም።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በዚሁ በደጋው አገር በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም ውስጥ የደኅንነት ምርመራ እንዳደርግ ተላክሁ። የተሰጠኝ ቅጽ አራት ዓምዶች ነበሩት፤ የእሳት ማጥፊያው ብዛት፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ የተገዛበት ዘመንና የውጭ መልኩ። ተቋሙ 12 የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮች ነበሩት። ሁሉንም ቈጠርሁ፤ ሁሉም በየቦታቸው ተሰቅለዋል፤ ቀለማቸውም አዲስ ይመስል ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለውን ስመዘግብ አንዲት በዕድሜ የገፉ የወጥ ቤት ሠራተኛ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ይሠራል ወይ? እዚህ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲነካው አላየሁም» አሉኝ።

እኔም ቅጼን እያየሁ፣ «ይሠራል፣ እማማ፤ አያስቡ» አልኋቸው። ከዚያም ፈረምሁ።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ማለዳ በዚያው ወጥ ቤት የጋለ ዘይት እሳት ያዘ። ሲሊንደሩ ከግድግዳው ላይ ወረደ፤ መቈለፊያው ተነቀለ፤ እጀታው ተጨመቀ፤ ምንም ነገር አልወጣም። በውስጡ ያለው ዱቄት ለዓመታት ሳይነቀነቅ ስለ ቆመ ረግቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ገፊው ጋዝም በዝግታ አምልጦ አልቋል። ከአዳራሹ የመጣው ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ግን ወረደ፤ እኒያ ሴትም አንዲት ወጣት ረዳታቸውን ከጥግ ሲያወጡ ሁለት ክንዳቸው ተቃጠለ።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። አልተቈጡኝም። ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንተማ ቈጥረሃል» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ምንም አልተናገሩም፤ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንም አልከሰሰኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ ቅጼን አውጥቶ ሲመለከት አንድም ስሕተት አላገኘበትም። 12 ተብሎ ተጽፏል፤ በእርግጥም 12 ነበሩ። ስለዚህ እኔ ስለ «ጄኔራል ስሎከም» ባነበብሁ ጊዜ ራሴን ያገኘሁት ከካፒቴኑ ወይም ከመርከቢቱ ባለቤቶች ዘንድ አይደለም። ራሴን ያገኘሁት ከዚያ መዝገብ ይዞ በየፎቁ ከሚመላለሰው ተቆጣጣሪ ዘንድ ነው። ምናልባት እሱም ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል።

ፍርዱና መታሰቢያው

ከቃጠሎው በኋላ ሕዝቡ ፍርድ ጠየቀ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመርማሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ኮሚሽኑም የመርከብ ቁጥጥሩን ድክመት በዝርዝር አጋለጠ፤ ኃላፊዎች ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ ሌሎች መርከቦችም እንደ ገና ተመረመሩ። ተቆጣጣሪው ቢከሰስም ሳይፈረድበት ቀረ። ከመርከቢቱ ባለቤቶችም የታሰረ አልነበረም። በ1898 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት እስራት የተፈረደበት ካፒቴኑ ብቻ ነበር፤ እሱም በእሳቱ አንድ ዓይኑን ያጣ ሽማግሌ ነበረ። በ1903 ዓ.ም. በአመክሮ ተፈታ፤ በ1905 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ታፍት ምሕረት አደረጉለት። መርከቢቱም እንኳ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም ነበር። የተረፈው አካሏ ከውኃ ወጥቶ የጭነት ጀልባ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በ1904 ዓ.ም. በማዕበል ሰጠመ።

መታሰቢያም ቆመለት። ማንነታቸው ያልታወቀ 61 ሟቾች በተቀበሩበት በሉተራን መካነ መቃብር ልክ በሙት ዓመቱ፣ በ1897 ዓ.ም.፣ ሐውልት ተመረቀ። መጋረጃውን የገለጠችው አዴላ ሊበኖ የምትባል፣ በአደጋው ዕለት የስድስት ወር ጨቅላ የነበረች ሕፃን ናት። ሁለት እኅቶቿን በእሳቱ አጥታለች። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ሴቶች ማኅበር በቶምፕኪንስ አደባባይ መናፈሻ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ወደ ባሕር ሲመለከቱ የተቀረጹበትን የእብነ በረድ ምንጭ አሠራ። አሁንም አለ።

ነገር ግን ድንጋዩ ቆሞ ሳለ ትዝታው ፈጥኖ ደበዘዘ። ለምን ይሆን? እኔ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛ፣ ትዝታውን የሚሸከመው ሕዝብ ራሱ ተበተነ። ሚስቱንና ልጆቹን በአንድ ጥዋት ያጣ አባት በየመንገዱ ልጆቹ ሲጫወቱ ይታዩት የነበረበትን ሰፈር ሊኖርበት አልፈለገም። «ትንሿ ጀርመን» በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ ሆነች፤ ቤተ ክርስቲያኑም ኋላ የአይሁድ ምኵራብ ሆነ። ሁለተኛ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በአሜሪካ ለጀርመኖች ማልቀስ የሚያስጠላ ነገር ሆነ። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከት ነው፤ ኀዘኑን ከአንድ የማያቋርጥ ሥራ ጋር ያያያዘው ሰው አልተገኘም።

ይህን ለማነጻጸር በዚያችው ከተማ በ1903 ዓ.ም. «ትራያንግል» በተባለ የልብስ ፋብሪካ የደረሰውን ቃጠሎ ልብ በሉ። የሞቱት 146 ነበሩ፤ ከመርከቢቱ ሟቾች አንድ ሰባተኛ ያህል ማለት ነው። የትራያንግል ቃጠሎ ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። የሠራተኛ ማኅበራት ኀዘኑን ይዘው ወደ ሕግ አውጪው ዘንድ ሄዱ፤ የፋብሪካ በር እንዳይቈለፍ፣ የእሳት መውጫ እንዲሠራ፣ ልምምድ እንዲደረግ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውም በኒው ዮርክ ሕግ ሆነ። እነዚያን ሟቾች የሚያስታውሰው ሐውልት ብቻ አይደለም፤ ሳይቈለፍ የዋለ በር ሁሉ ያስታውሳቸዋል። «ጄኔራል ስሎከም»ን ግን የምታስታውስ የመጨረሻዋ ነፍስ ያች መጋረጃ የገለጠችው ሕፃን ሆና ኖረች፤ በ1996 ዓ.ም. በ100 ዓመቷ አረፈች።

ኅዳር 12

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ራሳችን አገር ልመለስ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ፣ በተለይ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሰው እንደ ፈጀ ታውቃላችሁ። «የኅዳር በሽታ» ይባላል። የወቅቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው የተረፉበት በሽታ ነው። ለነዚያ ሟቾች ትልቅ ሐውልት የለንም፤ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይም አላየሁም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ በየመንደሩ ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ጕድፉን ሰብስቦ ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። እኔ በልጅነቴ ከታላላቆቼ ጋር ቅጠልና ጭራሮ እየሰበሰብሁ ያጨስሁት፣ ስለ 1911 ዓ.ም. አንዳች ሳላውቅ ነው። እጄ ግን ያስታውስ ነበር።

ይህ የሕዝባችን ብልሃት ነው። አባቶቻችን ኀዘናቸውን ከአንድ ሥራ ጋር አሠሩት፤ ሥራውም ለሞተው መታሰቢያ፣ ላለው ደግሞ መጠበቂያ ሆነ። የኒው ዮርኩ የእብነ በረድ ምንጭ ያጣው ይህን ነው።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ረክቼ ብቀመጥ ራሴን እደልላለሁ። ኅዳር 12ም ቢሆን እንደዚያ ቅጽ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በብዙ ሰፈር የሚጤሰው ቅጠል ሳይሆን ፌስታልና አሮጌ ጎማ ነው፤ ሰውን ከበሽታ ለማዳን የተጀመረው ጭስ የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳ ጭስ ሆኗል። ሥራው ቀርቶልናል፤ ምክንያቱ ግን ከእጃችን ወጥቷል። ምክንያቱ የተረሳ ሥራ፣ ውስጡ ቡሽ ይሁን ብረት እንዳልታየው ሰደርያ ነው። ስለዚህ ሐውልት ያለ ሥራ እንደማይበቃ ሁሉ፣ ሥራም ያለ ታሪክ አይበቃም። ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው፤ እጅ ሲሠራ አፍ ደግሞ ለምን እንደሚሠራ መናገር አለበት።

የማቀርበው ሐሳብ

በመሆኑም ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብዙ ገንዘብም ሆነ አዲስ ደንብ የሚጠይቅ አይደለም። ከሚመጣው ኅዳር 12 ጀምሮ እያንዳንዱ የማኅበራችን አባል በሚኖርበት ከተማ አንድ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ይምረጥ፤ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ወይም የገበያ አዳራሽ ሊሆን ይችላል። በጣና ዳር፣ በፎገራም ሆነ በደራ በኩል ያላችሁ ደግሞ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ምረጡ። በዚያም ዕለት፣ የቦታው ኃላፊ ሲፈቅድ፣ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ አንቍጠር፤ እንሞክር። ከአሥር የእሳት ማጥፊያ አንዱን አውርደን ሜዳ ላይ እንተኵሰው። ጎማውን ከመጠቅለያው ፈትተን ውኃ እንልቀቅበት። የአደጋ መውጫ በሩን በቁልፍ ሳይሆን በእጃችን ገፍተን እንክፈተው። የጀልባውን ሰደርያ ከሰቀላው አውርደን፣ ሰደርያው ሊሸከመው የሚገባውን ያህል የሚመዝን ድንጋይ አሥረን ሐይቅ ውስጥ ጥለን፣ ምሳችንን በልተን እስክንመለስ ድረስ ተንሳፍፎ ይቈይ እንደ ሆነ እንየው። የተሞከረው ዕቃ ይበላሻል፣ ዋጋ አለው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ልክ ነው፤ ዋጋ አለው። ሳይሞከር የቀረውም ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፣ ሙከራው በተዘጋ በር ውስጥ አይሁን። ወጥ ቤት የሚሠሩት፣ ዘበኞቹ፣ ተማሪዎቹ፣ ቀዛፊዎቹ ቆመው ይመልከቱ፤ እጀታውንም እነሱ ይጨምቁት። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ከቦታው የሚገኙት እነሱ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይህ ነገር ይሠራል ወይ?» ብለው ሲጠይቁን እንስማቸው። የ12 ዓመቱን ልጅ ካፒቴኑ አልሰማውም፤ የወጥ ቤቷን እናት እኔ አልሰማኋቸውም። ሁለታችንም ሙያችንን የምናውቅ ሰዎች ነበርን።

ሦስተኛ፣ ሙከራው ሲያበቃ ለምን እንደ ተደረገ ለተሰበሰበው ሰው በአጭሩ እንናገር። ስለ ኅዳር በሽታ የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉ እሳቸው ይናገሩ። ስለ «ጄኔራል ስሎከም»ም አንድ ሰው ይናገር። በባዕድ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ሲጮሁ የሞቱ ሕፃናትን እዚህ በደጋው ማንሣት ትርጕም የለውም የሚል ቢኖር፣ የገዛ ሰፈራቸው እንኳ ሲረሳቸው እኛ ብናስታውሳቸው ምን ይጎዳናል እላለሁ።

በመጨረሻም ስለ ቅጹ አንድ ነገር ልበል። በቅጾቻችን ላይ አምስተኛ ዓምድ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። በዓምዱ ላይ «ሞክሬዋለሁ» የሚል ቃልና የተሞከረበት ቀን ይጻፍበት፤ ከጎኑም ሲሞከር ያየ አንድ የቦታው ሠራተኛ ይፈርምበት። እኔ ይህን ዓምድ ባለፉት ዓመታት በራሴ ቅጾች ላይ በእጄ እያሰመርሁ ስጨምር ቆይቻለሁ። የመጀመሪያውን የያዝሁት ወደዚያው ተቋም ነበር። አዲሱ ወጥ ቤት ተሠርቷል፤ እማማም ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። አዲሱን ሲሊንደር ግቢው ውስጥ አብረን ተኰስነው። ነጩ ዱቄት ወጥቶ ሜዳውን ሲሸፍነው ሁለቱ ልጆች ሳቁ፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው አዩት። ከዚያም ጠባሳ ባለበት እጃቸው ብዕሩን ተቀብለው፣ በአምስተኛው ዓምድ ላይ ከስሜ ጎን ስማቸውን በዝግታ ጻፉ።